ከመደፈር በኋላ ኤችአይቪ እንዳይዝሽ፦ ድሬዳዋና ሐረር ላላችሁ ዝርዝር መመሪያ

ይህን የምጽፈው ለተደፈረች ሴት ነው። "አንቺ" እያልኩ የምሄደውም ለዚያ ነው። ወንድ ላይ ሲደርስም፣ ሕፃን ላይ ሲደርስም አብዛኛው ነገር ያው ነው። እናቷ፣ እህቷ፣ አከራይዋ ወይም አሠሪዋ ሆነሽ የምታነቢ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ አብረሻት ተነሺ፣ የቀረውን ባጃጅ ውስጥ ታነቢላታለሽ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ኤችአይቪ እንዳይዝሽ የሚከላከል መድኃኒት አለ። በመንግሥት ሆስፒታሎች በነጻ ይሰጣል። ግን ጥቃቱ ከደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በእኛ ከተማ ይህን ሰዓት የሚበላው የመንገድ ርቀት አይደለም። ድሬ ውስጥ ከየትኛውም ሰፈር ሆስፒታል በባጃጅ ይደረሳል። ሰዓቱን የሚበላው ቤት ውስጥ ያለው ዝምታና ምክክር ነው። አንዱ "ለአባቷ እንዴት ይነገራል" ይላል፣ ሌላው "አጎቷ ከጅግጅጋ እስኪመጣ እንጠብቅ" ይላል፣ የልጁ ወገን ሽማግሌ ይልካል፣ ቡና እየተፈላ ጉዳዩ ይመከርበታል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ቀን ያልፋል። ሽማግሌም ይምጣ፣ አጎትም ይምጣ፣ ፖሊስም ይምጣ፤ የመጀመሪያው ክኒን ከተዋጠ በኋላ ግን።

ሰዓቱን ቁጠሪ

ሐሙስ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ከሆነ የደረሰብሽ፣ የመጨረሻው ሰዓት እሁድ ምሽት 4 ሰዓት ነው። ይሄ ግን የመጨረሻው ጥግ ነው እንጂ እስከዚያ ጊዜ አለኝ ማለት አይደለም። በሁለተኛው ሰዓት የተጀመረ መድኃኒት በሰባኛው ሰዓት ከተጀመረው በጣም ይሻላል። ሌሊት ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ቅዳሜና እሁድ ከሆነም ሰኞን አትጠብቂ። ድንገተኛ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ አለ።

ለምን 72 ሰዓት? ቫይረሱ እንደገባ ወዲያው በመላ ሰውነት አይሰራጭም። መጀመሪያ የገባበት ቦታ ያሉ ጥቂት ሴሎችን ይይዛል፣ ከዚያ በአቅራቢያው ወዳሉት ንፍፊቶች ይሄዳል፣ እዚያ ከተባዛ በኋላ ነው በደም አማካይነት ሁሉም ጋ የሚደርሰው። ይህ ጉዞ ጥቂት ቀናት ይፈጃል። መድኃኒቱ የሚሠራው ቫይረሱ መንገድ ላይ እያለ እንዳይባዛ በማድረግ ነው። ሥር ከሰደደ በኋላ ግን ሊነቅለው አይችልም።

72 ሰዓቱ ካለፈሽስ? አሁንም ሂጂ። የእርግዝና መከላከያው እስከ 5 ቀን ድረስ ይሠራል፣ የሌሎች አባላዘር በሽታዎች ሕክምናም የሄፓታይተስ ቢ (የጉበት ቫይረስ) ክትባትም አለ። መጠጥሽ ውስጥ የሆነ ነገር ተጨምሮ ሰዓቱን በትክክል የማታውቂ ከሆነም ያንኑ ለሐኪሙ ንገሪው። በግምት ራስሽን "አልፎብኛል" ብለሽ አትቅሪ።

ከቤት ሳትወጪ

የመጀመሪያው ስሜት መታጠብ ነው። ማንም ሰው እንደዚያ ነው የሚሰማው። ከቻልሽ ግን ምርመራው እስኪያልቅ ቆዪ፣ ምክንያቱም ሰውነትሽ ላይ ያለው ነገር ማስረጃ ነው። ታጥበሽ ከሆነም ምንም አይደለም፣ መድኃኒቱ ከመታጠብ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ሂጂ። ብልትን ውስጡን በሳሙና፣ በሎሚ፣ በጨው ወይም በአልኮል ማጠብ ግን ፈጽሞ አይሁን። ኤችአይቪን አይከላከልም፤ እንዲያውም ስስ የሆነውን የውስጥ ቆዳ እያቆሰለ ለቫይረሱ በር ይከፍታል።

የለበስሽውን ቀይረሽ ከሆነ ልብሱን ሳታጥቢ በወረቀት ወይም በጋዜጣ ጠቅልለሽ ያዢው። በፌስታል አታድርጊው፣ በእኛ ሙቀት ፌስታል ውስጥ የገባ እርጥብ ልብስ ወዲያው ይበላሻል፣ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። መታወቂያ ከሌለሽ ለዚያ ብለሽ አትዘግዪ። የምትወስጃቸው መድኃኒቶች ካሉ፣ የቲቢም ይሁን የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ፣ ማሸጊያቸውን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

የት ትሄጃለሽ

ድሬዳዋ ውስጥ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ቀጥታ መሄጃሽ ነው። ሳቢያን አካባቢ ያለሽ ሳቢያን ሆስፒታል ይቀርብሻል። ሐረር ከሆንሽ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል ሂጂ። ከዋሂል፣ ከቢዮ አዋሌ፣ ከመልካ ጀብዱ ወይም ከኤረር ወገን የምትመጪ ከሆነ ግን መጀመሪያ የአካባቢሽን ጤና ጣቢያ ጠይቂ። የኤችአይቪ ሕክምና የሚሰጥ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ እጁ ላይ አለ፣ የመጀመሪያውን ክኒን እዚያው ውጠሽ በሪፈር ወደ ከተማ መምጣት ትችያለሽ።

የደረስሽበት ቦታ "መድኃኒቱ የለም" ወይም "ነገ ነይ" ቢልሽ እሺ ብለሽ ወደ ቤት አትመለሺ። "ታዲያ አሁን የት ነው ያለው? ጻፉልኝ" በዪ። ከድሬ ሐረር በደንገጎ በኩል ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ የአንድ ሰዓት ገደማ መንገድ ነው። አንዳንዴ ሌላኛው ከተማ መሄድን ሆን ብላ የምትመርጥ ሴትም አለች፤ ድሬም ሐረርም ሰው ሁሉ የሚተዋወቅበት ከተማ ነውና ካርድ ክፍሉ ውስጥ የጎረቤቷን ልጅ ልታገኝ ትችላለች። ለእኔ ይሄ በቂ ምክንያት ነው። ብቻ መንገዱ ከሰዓቱ ላይ እንደሚቀንስ አስቢ።

በር ላይ ምን ትያለሽ

ታሪኩን ሁሉ ለዘበኛው፣ ለካርድ ክፍሉ፣ ወረፋ ለያዘው ሰው መናገር የለብሽም። ድንገተኛ ክፍል ገብተሽ ለተረኛዋ ነርስ ይህችን ብቻ በዪ፦ "ጥቃት ደርሶብኛል። 72 ሰዓት አላለፈኝም። ፔፕ መጀመር እፈልጋለሁ። ለብቻ የምንነጋገርበት ቦታ ካለ።" ፔፕ የመድኃኒቱ መጠሪያ ነው፣ ጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። ለተደፈሩ ሰዎች ሕክምናን፣ ምክርን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን አንድ ላይ የያዘው ክፍል ዋን ስቶፕ ሴንተር ይባላል፤ የሄድሽበት ሆስፒታል ይህ ካለው ወደዚያ እንዲወስዱሽ ጠይቂ።

አማርኛ የማይቀናት ከሆነች በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ የሚያናግራት ባለሙያ ይጠራላት። አጎቷን ወይም አሠሪዋን አስተርጓሚ ማድረግ ጥሩ አይደለም። ሰው በዘመዱ አፍ እንዲህ ያለውን ነገር አይናገርም። አንዳንዴ ደግሞ ያደረገው ራሱ አስተርጓሚው ነው።

ሴት ሐኪም የመጠየቅ መብት አለሽ። ምርመራውን መሃል ላይ ማስቆምም ትችያለሽ። የማህፀን ምርመራ አልፈልግም ብትይ እንኳ መድኃኒቱ አይከለከልሽም።

የመጀመሪያው ምርመራ

ከጣትሽ ጥቂት ደም ወስደው ኤችአይቪ ይመረምሩሻል። ይህ ምርመራ ከትናንቱ ወይም ከዛሬው ጥቃት ይዞሽ እንደሆነ አይናገርም፣ ለዚያ ገና ነው። የሚናገረው ከዚያ በፊት የነበረሽን ሁኔታ ነው። ውጤቱ ቫይረሱ አለብሽ ካለ ፔፕ አይሰጥሽም፣ ሙሉውን ሕክምና ትጀምሪያለሽ። ከሌለብሽ ፔፑ ይጀመራል። የምርመራ ኪት ከጠፋ ወይም አሁን ለመመርመር አቅም ከሌለሽ፣ የመጀመሪያው ክኒን ይሰጥሽና ምርመራው ነገ ይሁን። ክኒኑ ምርመራን መጠበቅ የለበትም። ስለ ሄፓታይተስ ቢና ስለ ኩላሊትም ይታያል፤ የዚህም ውጤት እስኪመጣ አይጠበቅም።

ብዙ ሰው "መጀመሪያ እሱ ይያዝና ይመርመር" ይላል። ይሄ አደገኛ ሐሳብ ነው። ሰውየው እስኪያዝ ሳምንት ሊሄድ ይችላል። ቢያዝም ነጻ የሚል ውጤት በቅርብ የተያዘን ሰው ላያሳይ ይችላል። "ጤነኛ ይመስላል"፣ "የምናውቀው ልጅ ነው"፣ "ባለትዳር ነው" የሚለውም ማስረጃ አይሆንም። ያደረገው ባልሽ ከሆነም የሕክምናው ምክንያት ያው ነው። የወንጀል ሕጋችን አስገድዶ መድፈርን የሚደነግገው ከጋብቻ ውጭ ላለው ነው፤ ቫይረሱ ግን ጋብቻ አያውቅም፣ ሆስፒታሉም የጋብቻ ወረቀት አይጠይቅሽም።

ክኒኑና 28ቱ ቀናት

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንሂድ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሮጦ ሄዶ ጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት የሚያቆም ብዙ ነው።

አሁን የሚሰጠው በአብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ አንድ ክኒን ነው። ውስጡ ሦስት መድኃኒት አለ፦ ቴኖፎቪር 300፣ ላሚቩዲን 300 እና ዶሉቴግራቪር 50 ሚሊግራም። ለ28 ቀን፣ ሳይቋረጥ። የሚቻል ከሆነ የ28ቱን ቀን በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። "በሳምንት ተመለሺ" መባል ከሥራ ፈቃድ ለምታጣ ሴት መድኃኒቱን እንደማቋረጥ ነው።

ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል። ጾም ላይ ብትሆኚ አያስቸግርም። ረመዳን ከሆነ በአፍጥር ወይም በሱሁር ሰዓት አድርጊው፣ ብቻ የመረጥሽውን ሰዓት አትቀያይሪ። ጸበል የምትጠጪ ከሆነ ጠጪ፣ ክኒኑንም ዋጪ፤ አንዱን ለሌላው ብለሽ አትተዪ።

መጀመሪያው ሳምንት ላይ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት ሊኖር ይችላል። አብዛኛው በራሱ ይቀንሳል። ካቅለሸለሸሽ ምግብ በልተሽ ዋጪው። እንቅልፍ ካሳጣሽ ጠዋት ላይ አድርጊው። ጫት የምትቅሚ ከሆነ ደግሞ በግልጽ ልንገርሽ፦ በእነዚህ ሳምንታት በርጫውን ብታቆሚው ወይም ብትቀንሽው ይሻላል። ክኒኑን ስለሚያጠፋው አይደለም። ጫት ምግብና እንቅልፍ ይዘጋል፣ ክኒኑም መጀመሪያ ላይ ሁለቱንም ይነካል፣ ከደረሰብሽ ነገር ጋር ሲደመር አትችይውም። ሰውነትሽ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወይም ትውከቱ አላቆም ካለ ግን በራስሽ አታቁሚ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታሉ ተመለሺ። መቀየር የሚቻል መድኃኒት አለ።

አሁን ደግሞ ማንም የማይነግርሽ ነገር፦ የጨጓራ መድኃኒት። ግማሹ ከተማ ጨጓራ አለበት፣ ያንን ነጭ የሚጠጣ ሽሮፕ ወይም የሚታኘከውን ክኒን ቦርሳው ውስጥ ያልያዘ የለም። ውስጣቸው ያለው ማግኒዚየም፣ አሉሚኒየም ወይም ካልሲየም ዶሉቴግራቪርን አንጀት ውስጥ ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ስለዚህ የፔፑን ክኒን መጀመሪያ ዋጪ፣ የጨጓራውን ቢያንስ ከ2 ሰዓት በኋላ። ወይም የጨጓራውን ከወሰድሽ 6 ሰዓት ቆይተሽ ፔፑን። የደም ማነስ የብረት ክኒንና የካልሲየም ክኒንም በባዶ ሆድ ከሆነ ሕጋቸው ይኸው ነው። ኦሜፕራዞል ግን ችግር የለበትም።

የቲቢ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ መጠኑ ይቀየራል፣ የሚጥል በሽታና የስኳር መድኃኒት ላይም ማስተካከያ ሊያስፈልግ ይችላል። ማሸጊያዎቹን ያዢ ያልኩሽ ለዚህ ነው። እርጉዝ ወይም የምታጠቢ ብትሆኚም መድኃኒቱ ይሰጥሻል፤ ብቻ አስቀድመሽ ተናገሪ።

አንድ ቀን ብትረሺ በዚያው ቀን እንዳስታወስሽ ዋጪ። ለነገ ሁለት አታድርጊ። ብዙ ቀን ካለፈሽ ደግሞ አፍረሽ አትቅሪ፣ ሄደሽ ንገሪያቸው።

አቀማመጡም የራሱ ጥንቃቄ አለው። መድኃኒቱ ከ30 ዲግሪ በታች መቀመጥ ይፈልጋል፣ የድሬ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ያንን በቀላሉ ያልፋል። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አታስቀምጪው። የቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ፣ ወለሉ አጠገብ፣ ሳጥን ውስጥ ይሁን። ሰው ጠርሙሱን አይቶ "የኤችአይቪ ነው" ይላል ብለሽ ከፈራሽ ወረቀቱን ልጪው፣ ከላይ ጥጥ ጨምሪበት፣ እንዳይንቃቃ። ክኒኖቹን ግን ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጪ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢት እርጥበት የምትከላከል ናት። ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታ መሆኑንም አትርሺ።

በእነዚህ ሳምንታትና የመጨረሻው ምርመራ እስኪያልቅ ድረስ ከባልሽ ወይም ከጓደኛሽ ጋር ግንኙነት ካለ በኮንዶም ይሁን። ደም አትለግሺ።

በዚያው ቀን የሚሰጡሽ ሌሎች

ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ጠይቂ። ሌቮኖርጀስትሬል 1.5 ሚሊግራም፣ ብዙዎች ፖስት ፒል የሚሉት ነው፤ ቶሎ ሲወሰድ የተሻለ ነው፣ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል። በዚያው 5 ቀን ውስጥ ሉፕ ማስገባትም ይቻላል። የጨብጥ፣ የቂጥኝ፣ የክላሚዲያ መከላከያ ሕክምናም አለ፣ ምልክት እስኪታይ አይጠበቅም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በሦስት ዙር ይሰጣል። ቁስል ካለሽ የቴታነስም አለ።

ካረገዝሽስ? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 መሠረት ከመደፈር የመጣን እርግዝና በጤና ተቋም ማቋረጥ ይቻላል። አንቀጽ 552 ደግሞ ለዚህ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ እንደሆነ ይናገራል። የፖሊስ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አያስፈልግሽም።

ፖሊስና ማስረጃ

ለፖሊስ ማመልከት የአንቺ ውሳኔ ነው። መድኃኒቱ ግን በክሱ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። "መጀመሪያ ከፖሊስ ደብዳቤ አምጪ" የሚልሽ ሰው ካለ "መድኃኒቱን ስጡኝና ደብዳቤው ይመጣል" በዪው። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ሰዓት እዚህ በር ላይ ይባክናል። ክስ ባትፈልጊ እንኳ ሐኪሙ የደረሰብሽን በሙሉ ካርድሽ ላይ እንዲጽፈው አድርጊ፤ ከወር በኋላ ሐሳብሽን ብትቀይሪ ያ ጽሑፍ ይኖርሻል።

በሽምግልና ስለ መጨረስ አንድ ነገር ልበል። የገንዘብ ካሳም ሆነ "ያግባት" የሚለው ስምምነት ደም ውስጥ ያለን ቫይረስ አያስቆምም። ሽማግሌ ቤት ከገባ አንዱ ሰው ከእነሱ ጋር ይቀመጥ፣ አንዱ ልጅቷን ይዞ ሆስፒታል ይሂድ።

ልጅ ከሆነች፣ ወንድ ልጅ ከሆነ

ለልጅ መድኃኒቱ በክብደት ይለካል። 30 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ልጅ ብዙ ጊዜ የአዋቂውን ክኒን ይወስዳል፤ ለትንንሾቹ በውሃ የሚሟሟ አለ። ትልቅ ሰው የሚወስደውን ቆርሳችሁ ቤት ውስጥ አትስጡ። ልጁን ደጋግሞ "ንገረኝ፣ ምን አደረገህ" ማለትም አይገባም። አንድ ጊዜ፣ ለሐኪም ይናገር።

ወንድ ልጅም ይደፈራል። የሚደበቀውም ከሴት ልጅ በላይ ነው። በፊንጢጣ በኩል የተፈጸመ ጥቃት ከሌላው ይልቅ ለኤችአይቪ የበለጠ ያጋልጣል፣ ስለዚህ "ወንድ ነው፣ ምን ይሆናል" የሚባል ነገር የለም።

መንገደኛ ከሆንሽ

ድሬ ወደ ጅቡቲ የሚሄዱም ከዚያ የሚመለሱም ልጆች የሚያልፉባት ከተማ ናት። መንገድ ላይ የተደፈረች ልጅ ብዙ ጊዜ "ከተማው አይደለሁም፣ ማን ያክመኛል" ብላ ዝም ትላለች። የየትም አገር ሰው ብትሆኚ ትታከሚያለሽ። ከድሬ የምትወጪ ከሆነ 28ቱን ክኒን ሙሉውን ይዘሽ ውጪ፣ የጀመርሽበትን ቀን የሚገልጽ ወረቀትም አጽፊ። የምትደርሽበት ቦታ ያለው ሐኪም ከዚያ ይቀጥላል።

ከ28 ቀን በኋላ

ምርመራው በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ይደገማል፤ አንዳንድ ቦታ በ6ኛው ወርም ያዩሻል። ቤት ውስጥ በራስ የሚደረገው የምራቅ ምርመራ ለዚህ አይበቃም፣ ፔፕ የወሰደች ሴት ላይ ምልክቱ ዘግይቶ ሊታይ ስለሚችል ሆስፒታል ሂጂ።

በመካከል ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ ወይም የንፍፊት ማበጥ ካየሽ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ ታዪ። ወዲያው "ያዘኝ" ብለሽ ግን አትደምድሚ። ድሬ ውስጥ ትኩሳት ብዙ ምክንያት አለው፦ ወባ አለ፣ ደንጌ አለ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ችኩንጉንያ ከተማዋን እንዴት እንዳዳረሳት ሁላችንም እናስታውሳለን። የኤችአይቪውም የወባውም የደንጌውም ምርመራ በአንድ ቀን ይደረግልሽ።

እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ብቻሽን መሆን ካስፈራሽ ወይም ራስሽን ስለ መጉዳት ካሰብሽ ይህንንም እዚያው ላለችው የምክር ባለሙያ ንገሪያት። ከመድኃኒቱ ያልተናነሰ ሕክምና ነው። አብሯት ያለ ሰው ደግሞ "ለምን በዚያ ሰዓት ወጣሽ" የሚለውን ጥያቄ ይተው። ክኒኗን በሰዓቱ ያስታውሳት፣ ቀጠሮዋ ቀን አብሯት ይሂድ፣ ሌሊት ስትነቃ ይንቃላት።

የደረሰብሽ ከአንድ ቤት ውስጥ ከሚኖር ሰው ከሆነና ሊደገም ይችላል ብለሽ ከፈራሽ፣ ፔፑ ሳያልቅ ለሐኪሙ ንገሪው። ተከታታይ ተጋላጭነት ላለባቸው አስቀድሞ የሚወሰድ ፕሬፕ የሚባል መከላከያ አለ፣ ለአንቺ ይሆን እንደሆነ ጠይቂ፤ ከዚያ ቤት መውጣት ከፈለግሽም መጠለያ ወዳለበት እንዲልኩሽ ንገሪያቸው። የመጨረሻው ምርመራ ነጻ ከሆነ ጨርሰሻል። ቫይረሱ ከተገኘም መከላከያውን ከጀመርሽበት ሆስፒታል ሕክምናውን በዚያው ቀን መጀመር ትችያለሽ። የመጀመሪያው ቀን ውጤትና የመጨረሻው ውጤት ቅጂ ይሰጥሽ፤ ክስ ካለ ዐቃቤ ሕጉ ሁለቱንም ሊፈልጋቸው ይችላል።